«ከታች ነው» ያልኩበት ቀን

ከቡታጅራ ወደ ወልቂጤ የወሰዱኝ በፒክአፕ ጀርባ፣ በሁለት ፖሊሶች መሀል አስቀምጠው ነው። ሱቆች በአድማ የተዘጉበት ሰሞን ነበር። እኔም የጨርቅ ሱቄን ዘግቼ፣ ጭር ያለውን መንገድ በስልኬ አንሥቼ ለሰዎች ልኬ ነበር። የጠየቁኝም ስለዚያ ፎቶ ነው። ባሌ ዕቃ ሊያመጣ መርካቶ ሄዶ ስለነበር ስወሰድ አላየኝም። ልጄን ለጎረቤት ሰጥቼ ወጣሁ።

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። ይህን የነገረኝ የለም፤ ሽታው ግን አፍንጫ ይዞ ይናገራል። መስኮቱ ጣሪያው ሥር ስለሆነ ከሰማይ በቀር የሚያሳየው ነገር የለውም። የብረት በሩ ከታች ዝጎ ስለተበላ በኮሪደሩ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ጫማው ይታየናል። ማን እንደመጣ በጫማው መለየት ለመድን። የሳጅኑ ቡትስ ሲመጣ ሦስታችንም ዝም እንላለን።

ሦስት ነበርን። አንደኛዋ በጉንችሬ ገበያ ቆጮ የሚሸጡ እናት ናቸው፤ ልጃቸው ሲፈለግ ስላልተገኘ በሱ ፈንታ እሳቸውን አመጧቸው። «እሱ እስኪመጣ ነው ብለውኛል» ይላሉ፤ ከዚያ ቀጥለው «አይምጣ» ይላሉ። ሁለተኛዋ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። በጠባብ ክፍል ውስጥ በአዲስ አበባ ልጅ አነጋገር እያወራች ታስቀናለች፤ ፍርሃት ያልነካት ትመስላለች። ማታ ማታ ግን ጥርሷን ስታፋጭ እሰማታለሁ።

ያንን ነገር ያገኘሁት ለሱብሒ ሰላት ስተጣጠብ ነው። ሽንት ቤቱ በር የለውም፤ በበር ፈንታ ባዶ ከረጢት ተሰፍቶ ተሰቅሏል። ፖሊሷ ከከረጢቱ ወዲያ ቆማ «ጨርሺ!» ትላለች። ውሃ በሃይላንድ ይዤ ገብቼ በጥድፊያ ነው የምታጠበው። አንድ ቀን ጣቴ የማላውቀው ነገር ላይ ዐረፈ። የምስር ፍሬ የምታህል፣ ሻካራ ነገር ብልቴ ላይ ወጥታለች። ከጎኗ ሌላ አለ። ወደ ኋላ ደግሞ ተጠጋግተው የወጡ ነበሩ። እጄን አነሣሁና እንደገና ነካሁ፤ ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል ብዬ። አልተሳሳትኩም። በዚያ ቀን ሰላቱን እንዴት እንደሰገድኩት አላውቅም።

ሰው ሲታሰር የሚፈራውን ሁሉ ፈርቼ ነበር። መመታትን ፈርቻለሁ፣ መረሳትንም ፈርቻለሁ። ይሄ ግን ሌላ ነው፤ ከኔው አካል ጋር ተቆልፎብኝ የሚያድር ነው። የእናቴ እህት የሞተችው በማኅፀን ካንሰር ነው። አፍራ ደብቃው ኖረች፤ ለጠየቃት ሁሉ «ወገቤን ነው» ትል ነበር። መቀመጥ ሲያቅታት ነው የተነገረን። በመጨረሻ ገላዋን የማጥባት እኔ ነበርኩ፤ ስለዚህ ነገሩ በምን እንደሚያልቅ አውቃለሁ። ካንሰር ካልሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ሌላው ነገር ምን እንደሆነ ማሰብ ስጀምር ባሌ ይመጣብኛል። ባሌ ከሳምንቱ እኩሌታውን መርካቶ ነው የሚያድረው። የት እንደሚያድር ጠይቄው አላውቅም፤ ነጋዴ ባል ያላት የቡታጅራ ሴት እንዲህ ያለ ነገር አትጠይቅም። ከእስር ስወጣ ሰው ምን እንደሚልም አሰብኩ። «ያን እዚያ ውስጥ ነው ያገኘችው» ይላሉ። ማንም ሳይነካኝ የተነካሁ ሆኜ እወጣለሁ።

ጠዋት ጠዋት ቆጠራ አለ። ወንዶቹም እኛም ግቢው መሀል እንሰለፋለን። ሳጅኑ ቆጥሮ ሲጨርስ «የታመመ አለ?» ይላል። ከወንዶቹ መካከል የማውቃቸው ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ከኔ ሱቅ ፊት ለፊት ቆርቆሮና ምስማር የሚሸጥ ጎረቤቴ ነው። እጄን አወጣሁ።

«ምንሽን?» አለ ሳጅኑ።

ጎረቤቴ እያየኝ ነው።

«ጨጓራዬን» አልኩ።

በኛ አገር ጨጓራ የማያመው ሰው ስለሌለ ማንም ሌላ ነገር አይጠይቅም። ሐኪሙ ፊት ስደርስ እውነቱን እናገራለሁ ብዬ ነው። በማግስቱ አንዲት የሴት ፖሊስ በአንድ እጄ ካቴና አጥልቃልኝ በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ካቴናውን ዐይታ እንዳላየች ሆነች።

«የጤና መድን አለሽ?»

«አላሳደስነውም።»

መድን የሚታደስበት ሰሞን የቀበሌያችን ጽሕፈት ቤት በአድማው ምክንያት ዝግ ነበር። ሱቄን የዘጋሁ ሰው ቀበሌው ለምን ተዘጋ ብዬ ልቆጣ አልችልም። «እንግዲያው በግል ነው» አለችኝ። ስንቅ የምታመላልስልኝ እዚያው ወልቂጤ የምትኖረው የባሌ እህት ናት፤ የሕክምናውንም ወጪ የሸፈነችው እሷ ነች። ደግ ሴት ናት። ለሷ ግን መናገር አልችልም፤ ለሷ መናገር ማለት ወንድምሽ ምን ሠራ ማለት ነው። ብችልም እንኳ አጥሩ ላይ በመሀላችን ፖሊስ ቆሞ ያመጣችውን ምግብ ያስቀምሳታል፣ «እንድንሰማው በአማርኛ አውሩ!» ይላል። በቋንቋችን በጆሮዋ ሹክ የምላትን ነገር ለዚያ ሁሉ ሰው ጮክ ብዬ ልንገራት?

የመረመረኝ ወጣት ወንድ ነው። ቀና ሳይል «የት ጋር ነው የሚያምሽ?» አለኝ። ፖሊሷ የካቴናውን ሰንሰለት ይዛ ጎኔ ቆማለች። እጄ ወደ ታች መውረድ ጀምሮ ሆዴ ላይ ቆመ።

«እዚህ ጋር» አልኩ።

ነጭ ሽሮፕ ሰጠኝ፤ «በርበሬ ቀንሺ» አለኝ። ስመለስ በባጃጁ መስኮት ሰዉን እያየሁ ራሴን ስሰድብ መጣሁ። ያን የመሰለ ዕድል በአፌ አበላሸሁት።

የከፋው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ተማሪዋ ወደ ቤተሰቦቿ ልካ ተልባ አስመጣችልኝ። የጉንችሬዋ እናት ደግሞ ለሳቸው ከመጣው ቡላ ገንፎ ግማሹን ለኔ ከፍለው «ለጨጓራ እሱ ነው፣ ብዪ» ይሉኛል። እበላለሁ። ሁለት ሴቶች ካላቸው ላይ እየቀነሱ ያልታመምኩትን ጨጓራ ያስታምሙልኛል። ያመመኝ ነገር ግን እየበዛ ሄደ። ስታጠብ አንዳንዱ ይደማል። ስቀመጥ በአንድ ጎኔ መቀመጥ ጀመርኩ።

አንድ ከሰዓት በኋላ የጉንችሬዋ እማማ ልብስ እያጣጠፉ ሲያዩኝ ቆዩና «የኔ ልጅ፣ ጨጓራ ሰውን እንደዚህ አያስቀምጥም» አሉኝ።

አለቀስኩ። ለቅሶው ሲወጣ ነገሩም አብሮ ወጣ፤ ካገኘሁት ቀን ጀምሮ ያለውን ሁሉ ነገርኳቸው። ስለ አክስቴም ተናገርኩ። ባሌን ግን አላነሣሁም።

«አሳዪኝ» አሉ።

ተማሪዋ ምንም ሳትባል ተነሥታ ጋቢዋን በበሩ በኩል ዘርግታ ያዘች። ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ፣ በሥሩ የሚያልፈውን ጫማ እየጠበቀች ቆመች። እማማ በመስኮቱ ብርሃን አዩኝ። ረጅም ጊዜ አዩ። እሳቸው ያውቁታል፣ ስሙን ይጠሩልኛል፣ «ይሄማ ምንም አይደለም» ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«አላውቀውም» አሉ። «ወልጃለሁ፣ ሰውም አዋልጃለሁ፤ እንዲህ ያለ አላየሁም።»

ቀሚሴን ራሳቸው አወረዱልኝ።

«ሐኪም ነው የሚያውቀው። እኔ ፊት ተገልጠሻል፣ ያ ትልቁ ነበር። አሁን የቀረሽ በአፍ መናገር ነው።»

«ሼም የለውም እኮ» አለች ተማሪዋ ጋቢውን እያጣጠፈች። «ቦዲ ነው። ጥርስሽን ቢያምሽ ትናገሪ የለ?»

«ጥርሷን ስላመማት የሚፈታት ባል የለም» አልኳት።

ሳቀች፤ እኔም ከነእንባዬ ሳቅሁ።

በማግስቱ ቆጠራ ላይ ሳጅኑ «የታመመ አለ?» ሲል እጄን አወጣሁ።

«አሁንም ጨጓራ?»

«አይደለም። ያን ጊዜ ዋሽቼ ነው። የሚያመኝ ከታች ነው። ሴት ሐኪም እንድታየኝ እፈልጋለሁ።»

ከወንዶቹ መካከል አንድ ሰው በአፍንጫው ሳቀ። ቆርቆሮ ሻጩ ጎረቤቴ ዞር አለና «ምን ያስቅሃል? እናት የለህም?» አለው። ከዚያ በኋላ ማንም አልሳቀም። ሳጅኑ ዐይኑን ወደ መሬት ጣለ። እኔን ከማየት መሬቱን ማየት የቀለለው መሰለኝ።

«መድን የለሽም፣ መኪና የለንም፤ በየጊዜው ሰው መመደብ አንችልም» አለ።

«በባጃጅ እሄዳለሁ። የምከፍለው እኔ ነኝ።»

«ይታያል።»

ያ «ይታያል» ሳምንት ፈጀ። ከእስሩ ሁሉ የከፋው ያ ሳምንት ነው። የምርመራ ክፍል ሲያስገቡኝ እንኳ እንደዚያ አልፈራሁም። መሞቴን ጨርሼ አስቤዋለሁ። ልጄን ማን እንደሚያሳድጋት፣ እናቷ በምን እንደሞተች የሚነግራት ማን እንደሆነ አስቤ ጨርሻለሁ። ወገቧን ነው እንደሚሏት አውቃለሁ። ጫማ በበሩ ሥር ባለፈ ቁጥር እነሣለሁ፤ ጫማው ያልፋል፣ እቀመጣለሁ።

በመጨረሻ ያቺው የሴት ፖሊስ መጣች። የአረቅጥ ልጅ ናት፣ ከኔ ታንሳለች፤ ስትናገር ሰው እንዳይንቃት ድምፅዋን ታወፍራለች። ጤና ጣቢያው ስንደርስ ወደ ሴት ነርስ መሩን። ነርሷ ዕድሜዋ ገፋ ያለ፣ አነጋገሯ የጎንደር ነው። «ነይ እህቴ፣ አልጋው ላይ ውጪ» አለችኝ። ከዚያ ፖሊሷን «አንቺ ደግሞ ውጭ ጠብቂ» አለቻት።

«አልወጣም። ከዐይኔ እንዳትጠፋ ተብያለሁ።»

«ይሄ ምርመራ ነው እኮ፣ የኔ እመቤት።»

«ትእዛዝ ነው። ብታመልጥ በሷ ቦታ የምገባው እኔ ነኝ።» ይህን ስትል መስኮቱን እያየች ነው። መስኮቱ ሰፊ ነው፤ ብረት የለውም፤ ከወዲያው ዋናው መንገድ ነው። ልጅቷ ክፉ አልነበረችም፤ ፈርታለች። ፈሪ ሰው እንደማይለመን ያወቅኩት ያኔ ነው፤ እኔም ፈሪ ስለነበርኩ።

ከአልጋው ወረድኩ። ቀሚሴን አስተካክዬ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

«እንግዲያው አልታይም። መልሺኝ» አልኳት።

ነርሷ «እህቴ…» አለች።

«ካንሰር ከሆነ ይሁን። እግሬን ከፍቼ ፖሊስ አያየኝም።»

ፖሊሷ «በይ እንሂድ» ብትለኝ ምን እንደማደርግ አላውቅም፤ ምናልባት እግሯ ላይ እወድቅ ነበር። ግን አላለችም። ውጭ ባጃጆች ይጮኻሉ። ያኔ ነው ነገሩ የመጣልኝ። ባልታሰረው እጄ የሂጃቤን መርፌ ነቅዬ ፈታሁትና ዘረጋሁላት።

«ይሄን ይዘሽ በሩ ላይ ቁሚ። ጸጉሬን ገልጬ በዚያ መንገድ እሮጣለሁ ብለሽ ታስቢያለሽ?»

ፖሊሷ ሂጃቡን አየችው፣ እኔን አየችኝ። አረቅጥ ነው ያደገችው፤ ከሙስሊም ጎረቤቶች ጋር ስለኖረች የሂጃብን ነገር እኔ ልነግራት አያስፈልግም።

«ወላሂ በዪ» አለች።

«ወላሂ።»

ካቴናውን ፈታች። ሂጃቤን እንደ ሕፃን በሁለት እጇ ይዛ ወጣችና በሩን ዘጋችው።

ነርሷ እጇን ታጠበች፣ ጓንት አደረገች፣ የምታደርገውን ሁሉ አስቀድማ እየነገረች አየችኝ። «ይሄ ኮምጣጤ ነው፣ ትንሽ ይቀዘቅዝሻል፤ የማኅፀንሽን በር ላይበት ነው» አለች። ጣሪያውን እያየሁ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ አልኩ። ሁለት ጊዜ «ተንፍሺ» ብላኛለች። ከዚያ የጣቴን ደም ወስዳ ለኤች አይ ቪ ምርመራ ሰጠች። ውጤቱ እስኪመጣ እየጠበቅን ስለ ልጄ ጠየቀችኝ። ምን እንደመለስኩላት አላስታውስም።

«ስሚኝ» አለች በመጨረሻ። «ካንሰር አይደለም። የማኅፀንሽ በር ንጹሕ ነው። ደምሽም ነጻ ነው። የወጣብሽ ኪንታሮት ነው፣ በግብረ ሥጋ የሚተላለፍ ቫይረስ ያመጣዋል። በሚቀባ መድኃኒት ይጠፋል፤ በየሳምንቱ መምጣት አለብሽ። ለጠባቂዎችሽ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

አልሐምዱሊላህ አልኩ፤ ደጋግሜ አልኩ። አለቀስኩም። ከዚያ አንድ ቃሏ ተመልሶ መጣብኝ።

«ከማን ነው የያዘኝ?»

«እሱን እኔም ሌላም ሰው ሊነግርሽ አይችልም። ከሱ ይሁን ካንቺ፣ ዘንድሮ ይሁን ከዓመታት በፊት፣ አይታወቅም። ሳይታይ ብዙ ዘመን ይቆያል። ለባልሽ ንገሪው፣ እሱም ይታይ።»

በሩን ስከፍት ፖሊሷ ሂጃቤን በአራት አጣጥፋ ይዛለች። እስክከናነብ ድረስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ካቴናውን ስታደርግልኝ ቀስ ብላ «ያማል?» አለችኝ።

«አያምም።»

«ሴት ናት አይደል ያየችሽ?»

«ሴት ናት። ደግ ሴት ናት።»

ሌላ አልጠየቀችኝም። ካቴናው ግን ከመጣንበት ይልቅ ላላ ብሎ ነበር።

ባሌ በዚያው ሰሞን ከመርካቶ መጥቶ አጥሩ ላይ ቆመ። በግራም በቀኝም ጠያቂዎች ተደርድረዋል። ፖሊሱ ከመሀላችን ነው። ያመጣውን ቀመሰ፤ ሰላም ተባባልን።

«ጨጓራሽን ተሻለሽ? እህቴ ነግራኛለች» አለኝ።

ቀስ ብዬ ልነግረው ነበር ያሰብኩት። ጀመርኩም፤ ፖሊሱ «ድምፅ!» አለ። ቀና አልኩ።

«ጨጓራ አይደለም። ብልቴ ላይ ኪንታሮት ወጥቶብኝ ነው። በግንኙነት የሚተላለፍ ነው ብላኛለች ሐኪሟ። አንተም ሄደህ ታይ።»

አጠገቤ የነበረችው ተማሪ እጄን ያዘችኝ። የባሌ ፊት ዐመድ መሰለ።

«ቀስ በዪ፣ ሰው ይሰማል» አለኝ።

«ይስማ። ቀስ ማለት አይፈቀድም።»

ፌስታሉን አቀብሎኝ ሳይሰናበተኝ ሄደ። በሚቀጥለው መጠየቂያ እህቱ ብቻዋን መጣች፤ ስለሱ አላነሣችም። ፈታኝ ብዬ ቆረጥኩ። ስለ በሽታው ያለቀሰ ዐይኔ ስለዚህ ማልቀስ አቃተው። እማማ «ይመጣል» አላሉኝም፤ ጎኔ መጥተው ተቀመጡ።

ከዚያ መጣ። ከሳ ብሏል። አጥሩን በሁለት እጁ ይዞ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ አንድ ነገር አለኝ። እኔም አልሰማሁት። ፖሊሱ «ድምፅህን!» ብሎ ጮኸበት። ባሌ ወደ ፖሊሱ፣ ወደ ጠያቂዎቹ፣ ወደ ጎረቤታችን ወደ ቆርቆሮ ሻጩ ተመለከተ።

«ታየሁ» አለ ጮክ ብሎ። «እኔም አለብኝ። ሕክምናውን ጀምሬያለሁ።»

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ክስ ሳይመሠረትብን ተፈታን። የቀረውን ሕክምና ቡታጅራ ጨረስኩ፤ መድናችንንም አሳደስን። ስለ እስሩ የሚጠይቀኝ ሰው ስለ ፎቶው፣ ስለ ምርመራው፣ ስለ ዱላው ይጠይቀኛል። እመልሳለሁ። ያን ጊዜ ከሁሉ በላይ ያስፈራኝ ምን እንደነበር ግን የጠየቀኝ የለም።

ባሌና እኔ አብረን ነን። ዛሬም መርካቶ ይመላለሳል። ከማን እንደመጣ አልጠየቅኩትም፤ እሱም አልጠየቀኝም። አንዳንድ ቀን ራት ላይ ጥያቄው አፌ ላይ ይደርሳል። እሱም ያውቀዋል መሰለኝ፤ የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ አስቀምጦ ይጠብቀኛል። እኔ «ወጥ ልጨምርልህ?» እለዋለሁ። አንድ ቀን እጠይቀዋለሁ። ለጊዜው እፈራለሁ።